የዳማ ቆዳና የቤታችን መቀነት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርሁ እላለሁ፤ እናቴ በሕይወት ሳለች «አራተኛ ነበርህ» እያለች ታርመኝ ነበር። እሷ ዘመን የምትቆጥረው በወለደቻቸው ልጆች ስለሆነ ክርክር አልገጥማትም ነበር። ግንቦት አጋማሽ አልፎ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ምክንያቱም አባቴ በየጠዋቱ ወጥቶ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ራስ ያይ ነበር፤ ደመና ተጠመጠመበት አልተጠመጠመበት ብሎ።

ይህን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ሰሞኑን ወደ ላስታ ስመለስ ጋሸና ላይ ወርደን መኪና ስንጠብቅ፣ አንድ አይሱዙ እርጥብ ቆዳ ጭኖ ከምግብ ቤቱ ጎን ቆሟል። ተሳፋሪው ሁሉ በነጠላው አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ እኔ ጠጋ አልሁ። ረዳቱ «አባባ፣ ራቅ ይበሉ እንጂ፣ ይህ እኮ ሽቶ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ከሚወስደው መንገድ በታች በኩል ባለው መንደራችን ቤት የሚሠራው ክብ ሆኖ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር ነው። የጣራው እንጨቶች ከግድግዳው አናት የሚያርፉበት ቦታ ላይ የበሬ ቆዳ ተተልትሎ፣ ውኃ ጠግቦ እርጥብ እንዳለ፣ ሦስት ዙር ይጠመጠማል። ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ሁሉ አንቆ ይይዛል። መቀነት እንለዋለን። የቤት መቀነት አይቀጠልም። ከአንድ ቆዳ የወጣ፣ ቋጠሮ የሌለበት አንድ ጠፍር መሆን አለበት።

የአሮጌው ቤታችን መቀነት ግን የተቀጠለ ነበር። አያቴ ቆዳ አጥሮበት የቀጠለው ነው። በዚያው ዓመት በልግ በረዶ ሲወርድ ቋጠሮው ለቀቀና ጣራው እንደ ዣንጥላ ተከፈተ። እኛ በልብሳችን ወጥተን የአባቴ እህት ቤት ገባን። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦

«የተቀጠለ መቀነት ያለው ቤት ውስጥ አልወልድም። በረት ስጡኝ፣ በረት ውስጥ እወልዳለሁ።»

አባቴ አዲሱን ቤት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ቆዳውም አንድ ብቻ ነበር፤ የዳማ ቆዳ። ዳማ ያን ዓመት ከእርሻ ዳር ተንሸራቶ ገደል የገባብን በሬያችን ነው። አባቴ ሥጋውን ለጎረቤት አከፋፍሎ ቆዳውን አስቀረ። እግሩንና አንገቱን ቆርጦ ክብ አድርጎት ጅረት ውስጥ በድንጋይ አስተኝቶት ነበር። እኔ ውኃ ስቀዳ ቆዳው ከታች ሲወዛወዝ እያየሁ ዳማ ሊነሳ የሚሞክር ይመስለኝ ነበር።

ግንበኛው አያ መንገሻ ይባላሉ፤ ከሙጃ ነው የመጡት። ረጅም፣ ተጫዋች፣ ሲቀልዱ ራሳቸው ቀድመው የሚስቁ ሰው። መሠረቱን ሲያወጡ መሐል ላይ ካስማ ተከሉ፣ በካስማው ገመድ አሰሩ፣ ገመዱን ወጥረው ዞሩና መሬቱ ላይ ክብ ጫሩ። ከዚያ ያንኑ ገመድ ከካስማው ፈትተው በጫሩት ክብ ጠርዝ ላይ እየወጠሩ እያስቀመጡ፣ ጫፉ ባረፈበት ሁሉ ድንጋይ አኖሩ። ስድስት ጊዜ ሲያስቀምጡ የገመዱ ጫፍ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ፀጉር አልተረፈም፣ ፀጉር አልጎደለም።

«አየህ፣ አንተ ተማሪ!» አሉኝ። «ክብ ማለት ይህ ነው። የመሐሉ ገመድ ስድስት። ወይም ደግሞ የወርዱ ገመድ ሦስት። ይህን ማንም አያስተምርህም።»

እኔም ደስ አለኝ። ሦስት ቆንጆ ቁጥር ነው። ቤት የሚያህል ነገር በሦስት ሲዘጋ ልብ ያሳርፋል።

ታዲያ በዚያው ሳምንት መምህራችን ሰሌዳው ላይ ክብ ሣሉ። ከደሴ የመጡ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ወጣት ነበሩ። ከክቡ አጠገብ አንድ ምልክት ጻፉ፤ ሁለት ቋሚና ከላይ የተጋደመ አንድ አግዳሚ። እኔ የበር መቃንና ጉበን መስሎኝ፣ የቤታችንን ነገር ሰምተው በር ሣሉልን ብዬ አፈርሁ። «ይህ ፓይ ይባላል» አሉ። የማንኛውም ክብ ዙሪያ ለወርዱ ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር እሱ ነው፤ ሦስት ሆኖ ትንሽ ትርፍ አለው፤ ትርፏ ከሰባት አንድ እጅ ያህል ናት፤ በትክክል እንጻፋት ቢሉ ግን ተጽፋ አታልቅም።

እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ አያ መንገሻ ግን በሦስት ዘጉት።»

ልጆቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። አስወጥተው ሜዳው ላይ አስጫሩኝና አያ መንገሻ እንዳደረጉት አስደረጉኝ። እውነትም በስድስት ዘጋ።

«አሁን ገመዱንና ጠርዙን አስተያይ» አሉኝ። «ገመዱ የሄደው በአቋራጭ ነው። ጠርዙ ግን ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ ይዞራል። በየሁለቱ ድንጋይ መካከል ሌላ ድንጋይ ብትጨምር አቋራጩ ያጥራል፣ ድምሩ ግን ትንሽ ይረዝማል። እንደገና ብትጨምር፣ አሁንም ትንሽ። እንዲህ እያልህ ወደ ዙሪያው ትጠጋለህ።»

«መቼ ነው የሚደረስ?»

«በድንጋይ ቆጠራ አይደረስም» አሉ።

ያቺ ቃል አንጀቴን ቆረጠችው። የማይደረስ ከሆነ ክቡ የት ላይ ነው የሚገጥመው? የሆነ ቦታ ላይ ለዓይን የማይታይ ክፍተት አለ ማለት ነው፣ በረዶውም በዚያች ይገባል ብዬ አሰብሁ። ከዚያ በኋላ ክብ ነገር ባየሁ ቁጥር ጣቴን በጠርዙ ላይ ማስኬድ ጀመርሁ። የእንስራ አፍ፣ የከበሮ ፊት። እናቴ ለጸሎት ነአኩቶ ለአብ ስትሄድ አብሬያት ወርጄ፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል የሚቀበሉትን የድንጋይ ገበታዎች ጠርዝ ስዳብስ አንድ ቄስ አዩኝ።

«ምን ጠፋብህ፣ ልጄ?»

«ምንም አልጠፋብኝም፣ አባ። የሚገጥምበትን ነው።»

እናቴ ነጠላዬን ይዛ ጎተተችኝ። ልጁ ደህና አይደለም እንዳይሏት ፈርታ ነው መሰለኝ።

ግድግዳው አልቆ የጣራው እንጨት ሲቆም አባቴ ቆዳውን ከጅረቱ አወጣና ከአያ መንገሻ ጋር ተመካከሩ። ጠፍሩ የሚወጣው ከቆዳው ጠርዝ ተጀምሮ እየዞሩ እየዞሩ ወደ መሐል በመቁረጥ ነው። ስፋቱ ሁለት ጣት ይሁን አሉ፤ ከዚያ ከቀጠነ ነፋስ ይበጥሰዋል። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ትማር የለም እንዴ? እስቲ አስላልን። ሁለት ጣት አድርገን ብንቆርጠው ሦስት ዙር ይደርሳል ወይ?»

አባቴ ከዚያ በፊት ምንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ያዝዘኝ ነበር እንጂ።

የክብን ውስጡንም መምህሩ አስተምረውን ነበር። የወርዱን እኩሌታ በራሱ አባዝተህ በዚያው በፓይ ታበዛዋለህ። ዙሪያውንም ውስጡንም አንድ ቁጥር እንዴት እንደሚገዛው ስላልገባን ድፎ ዳቦ ብለው ሸንሽነው አሳይተውናል፦ ቁራጮቹን አንዱን ሽቅብ አንዱን ቁልቁል እያደረግህ ብትደረድራቸው ክቡ እንደ አልጋ ቀጥ ይላል፤ የአልጋው ርዝመት የዙሪያው እኩሌታ፣ ወርዱ የመሐሉ ገመድ ልክ ነው። ይህ ገብቶኛል። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ቤቱን በአያ መንገሻ ሦስት፣ ቆዳውን በመምህሩ ሦስት ከትርፍ ሳሰላው ጠፍሩ ይበቃል። ቤቱንም ቆዳውንም በመምህሩ ሳሰላው ያጥራል። አያ መንገሻ ቤት ሲሠሩ ነው የሸበቱ። መምህሩ መጽሐፍ አላቸው። አንደኛው ተሳስቶ ከሆነ፣ የማን ስህተት ነው እናቴ ላይ የሚወድቀው?

አመድ ላይ ጻፍሁ አጠፋሁ። እህል አልበላ አለኝ። አባቴ «እህ?» ሲለኝ «ገና ነኝ» እላለሁ። ደመናው አንድ ቀን አቡነ ዮሴፍ ላይ ተቀምጦ ሳይነሳ ዋለ፤ ክረምቱ መድረሱ ነው።

ያስጠጋችን አክስቴ ሰፌድ ሰፊ ነበረች። ባሏ ሞቶ ልጅ ሳይተርፍላት ብቻዋን የምትኖር፣ ብዙ የማትናገር ሴት። እኔ እትዬ እላታለሁ። እየሰፋች ታየኝ ኖሯል።

«አንተ፣ አመዱ ምን አደረገህ? ና፣ ንገረኝ።»

ነገርኋት። ሁሉንም። ገመዱን፣ ትርፏን፣ የማያልቀውን፣ ድፎ ዳቦውን። ስጨርስ እያለቀስሁ ነበር። እሷ ወስፌዋን ሰፌዱ ላይ ሰካች።

«እኔ የምትለውን ቁጥር አላውቀውም» አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መምህርህ ያሉት ቁጥር ለትልቅ ክብ ሌላ፣ ለትንሽ ክብ ሌላ ነው?»

«አይ። ለማንኛውም ክብ አንድ ነው ብለዋል።»

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሃል? ትንሽ ቤት እንሥራ።»

ወዲያው ተነስታ የቤቱን ወርድ የለኩበትን ገመድ አመጣች። አንድ ጊዜ አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ ሦስተኛ አጠፈችው። ስምንት እጥፍ ሆነ። ከሰቀለቻቸው ሰፌዶች እየመረጠች አስተያየችና ወርዱ ከታጠፈው ገመድ ጋር የገጠመውን አወረደች። «ይህ ቤታችን ነው።» የቆዳውንም ወርድ በሌላ ገመድ ለክቼ እንድመጣ ላከችኝና ያንንም እንደዚያው ሦስት ጊዜ አጠፈች። በእሱ ልክ ከአሮጌ ስልቻ ላይ ክብ ቆዳ ቆረጠች፤ መዳፍ የሚያህል። «ይህ ዳማ ነው።» ከዚያ የስንዴ አገዳዎች ጎን ለጎን ደረደረችና ሁለት ጣቷን አስተኛችባቸው። ስምንቱ አገዳ ልክ ሁለት ጣት ሞሉ። «እንግዲህ የአንድ አገዳ ስፋት የትንሿ ቤታችን ሁለት ጣት ነው። ምላጩን አቀብለኝ።»

ከጠርዝ ጀምራ እየዞረች ቆረጠች። ቀጭን ጠፍር ከእጇ እንደ ትል እየተጠቀለለ ወረደ። መሐሉ ላይ ሲያልቅ ጫፉን ይዤ ሰፌዱን ዞርሁበት። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ሊገጥም ሲል ከእጄ አለቀ። ክፍተቱ አራት ጣቴንና ከዚያ በላይ ያስገባል።

«ያጥራል!» አልሁ። ልቤ ወረደ፣ ግን ደግሞ ቀለለኝ። «ማነው ታዲያ ልክ? መምህሩ ናቸው?»

«ያንን እንጃ» አለች። «ቤቱም ክብ፣ ቆዳውም ክብ። ያቺ የማታልቀዋ ትርፍ በቤቱ ካለች በቆዳውም አለች። ቤቱ ሲጠይቅህ ቆዳው ይከፍልልሃል። አንተ ለአንዱ ሰጥተህ ለሌላው ነሳኸውና ነው የተምታታብህ።»

ያ ነገር ሰውነቴ ውስጥ ሲገባ ይታወቀኛል። ከበላዬ ሸክም የወረደልኝ ያህል ነበር። ቀጠን ያለ ስንደዶ አነሳችና በእሱ ስፋት ሌላ መዳፍ የምታህል ቆዳ ቆረጠች። እንዲህ ያለው ስንደዶ ስምንቱ ጎን ለጎን ሲደረደር አንድ ጣት ተኩል ይሞላል። ይህኛው ሦስት ዙር ዞሮ ተረፈ።

«አሁን ለአባትህ ንገር።»

«አንቺ ንገሪው፣ እትዬ።»

«የተጠየቅኸው አንተ ነህ።»

አባቴና አያ መንገሻ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠው ቢላ ይስላሉ። ሰፌዱንና ሁለቱን ጠፍሮች ይዤ ቆምሁ። «አባዬ፣ አይደርስም» ብቻ አልሁ።

አያ መንገሻ ወደ አባቴ ዞረው ሳቁ። «በሰፌድ ነው እንዴ ቤት የሚለካው? ወልዴ፣ እህትህ፣ ቤት ጠበበንና፣ የሰፌድ ቤት ሠራችልን!»

አክስቴ ከኋላዬ ነበረች። «አያ መንገሻ፣ በሰፊው ጠፍር ይዙሩበት እስቲ። እጅዎ ከእኔ እጅ ይበረታል።»

ተቀበሉ። እየቀለዱ ዞሩ፤ ሦስተኛው ላይ ቀልዱ ቆመ። ፈቱና ወጥረው፣ እጃቸው እስኪነጣ ወጥረው፣ እንደገና ዞሩ። አልገጠመም። ካስማው ወደ ነበረበት ወደ ቤቱ መሐል ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ዳማ ትንሽ በሬ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ዳማን አይንኩብኝ» አለ አባቴ። ሁለቱም ፈገግ አሉ። እኔም ቀጭኑ በአንድ ጣት ተኩል ልክ ተቆርጦ ሦስት ዙር እንደደረሰ ነገርኋቸው፤ አባቴ ያንን ጠፍር በጣቶቹ መካከል አሻሸው። «አንድ ጣት ተኩል። ይይዛል ወይ?»

«ዳሩ ሲቆረጥ ካልተነካካ ይይዛል። አንድ ቦታ ላይ ቢላው ጥርስ ካወጣበት ግን ሲደርቅ እዚያው ላይ ነው የሚበጠስ። እጅህ ከተሳሳተ ደግሞ ሌላ ቆዳ የለህም።»

የመቁረጡ ቀን እናቴ ደጃፍ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሆዷ ጉልበቷ ላይ ደርሷል። አባቴ ይቆርጣል፣ አያ መንገሻ ጠፍሩን ይስባሉ፣ እኔ ቆዳውን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ እያልሁ አዞራለሁ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ቆዳው ላይ፣ ዳማ ሲወድቅ ድንጋይ የበጣው ጠባሳ ነበረ፤ ሁላችንም አይተነዋል፣ ማንም አላነሳውም። ቢላው በእያንዳንዱ ዙር ወደ እሱ ይጠጋል።

ሲደርስበት አባቴ ቆመ። ላቡ በአፍንጫው ወርዶ ቆዳው ላይ ጠብ አለ።

«በውጭ ልለፈው?»

«በውጭ ካለፍህ ይቀጥናል» አሉ አያ መንገሻ። «በውስጥ ካለፍህ ጠባሳው ከጠፍሩ ጋር ይሄዳል።»

አባቴ ወደ እናቴ አየ። እሷም አየችው። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። አክስቴ ቀርባ ጎንበስ ብላ ጠባሳውን በጣቷ ጫፍ ዳበሰችው፤ ሰፌድ ስትሰፋ የሣሩን ክር እንደምትዳብሰው።

«በውስጥ እለፈው፣ ወንድሜ። ጠባሳው ወደ ጠፍሩ መሐል ይግባ፤ ጠርዙን አይንካው። ዳሩ ጤነኛ ከሆነ መሐሉ አይበጠስም። እሱ እንደሆን የዳነ ቁስል ነው፤ ከሌላው ይልቅ የጠነከረ ነው።»

አባቴ በውስጥ አለፈ። አዞርሁ። ጠባሳው በጠፍሩ መሐል፣ ዳርና ዳሩን ጤነኛ ቆዳ አቅፎት ወጣ። አያ መንገሻ ባለ በሌለ ኃይላቸው ሳቡት። ተወጠረ፣ ተንጣጣ፣ ያዘ።

ከዚያ ወደ ጣራው። ሁለት የጎረቤት ወንዶች መጥተው አገዙን። አንዱ ዙር ዞረ፣ ሁለተኛው ዞረ። ሦስተኛው በግራ በኩል ዞሮ በሩ ራስ ላይ ሲደርስ እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። አያ መንገሻ ከላይ ሆነው «ኧረ ይህ ዳማ ገና አራተኛ ዙር ያስባል!» ሲሉ ነው የገለጥሁት። ከእጃቸው የተረፈው ጠፍር ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እናቴ ከድንጋዩ ላይ ተነሳች፤ በአዲሱ በር ገብታ መሐል ላይ ቆመች፣ ሽቅብ አየች፣ ከዚያ መኝታ እንዲነጠፍላት አዘዘች።

ሣሩ ገና በእኩሌታ ሳይከደን ዝናቡ መጣ። የመጀመሪያው ነፋስ ጣራውን ሲገፋው እንጨቱ ሁሉ ጮኸ፤ እኔ ከእናቴ ጎን ተኝቼ ጩኸቱን እያዳመጥሁ፣ ያቺ ቋጠሮ የሌላት ክብ የት ላይ እንደምትገጥም መፈለጌን ተውሁ። እህቴ እዚያ ቤት ውስጥ ተወለደች።

የመንደሩ ሰው ያንን ቤት ሲያነሳ የአያ መንገሻን እጅ ያመሰግናል፤ መምህሩም በትምህርት ቤቱ ስማቸው ይነሳል፤ ለሁለቱም ይገባቸዋል። ያን ግንቦት እህል እንዲወርድልኝ፣ ከአባቴም ፊት እንድቆም ያደረገችኝ ግን አክስቴ ናት። ሰው ሁሉ «ሰፌድ ሰፊዋ» እያለ ሲጠራት ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ስሟ የሻረግ ነው።